የካርቦን ወረቀት ታሪክና የእኛ ደረሰኝ

ማንኛውንም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አንሡና ግርጌውን ተመልከቱ። «ግልባጭ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ፤ ከሥሩም ጉዳዩን እንዲያውቁት ደብዳቤው የተላከላቸው ቢሮዎች ተዘርዝረዋል። ዛሬ ደብዳቤ በኮምፒዩተር ተጽፎ በፕሪንተር ስለሚወጣ ሁሉም ቅጂ እኩል ነው፤ አንዱ ከሌላው የተገለበጠ አይደለም። ቃሉ ግን ታይፒስቶች በወረቀቶች መካከል ካርቦን ያስገቡ በነበረበት ዘመን እንደነበረው ቦታውን ይዞ ቀርቷል። የፈረንጆቹም እንደዚሁ ነው። ኢሜይል ስንልክ «ሲ.ሲ.» በሚለው መስመር ላይ የሌላ ሰው አድራሻ እንሞላለን። ሁለቱ ፊደሎች በእንግሊዝኛ «የካርቦን ግልባጭ» የሚለው አጭር አጻጻፍ ናቸው። ካርቦን አይቶ የማያውቅ ወጣት ሠራተኛ በቀን አሥር ጊዜ ስሙን ይጠራዋል።

በማኅበራችን ግን ካርቦን ገና ሥራ ላይ ነው። ለጉብኝት የሚመጡ ደጋፊዎቻችን በወልድያም ሆነ በመርሳ ገንዘብ ያዧ በደረሰኝ ቅጠሎች መካከል ሰማያዊውን ወረቀት ስታስገባ ሲያዩ ይገረማሉ፤ እስካሁን ለምን እንደምንጠቀምበትም ይጠይቁናል። ጥያቄው በቅንነት የሚቀርብ ነው። መልሱ ግን በቆሙበት የሚነገር ዓይነት ስላልሆነ በዚህ እትም ልንጽፈው ወሰንን።

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው መርሳን፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ ብቻ ስለ ግልባጭ ብዙ የሚናገሩ ሁለት ቦታዎች አሉ።

አንደኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዛሬ ይታወቃል። በቀደመው ዘመን በአገራችን የመሬት ስጦታና የንብረት ጉዳይ የሚጻፈው እንዲህ ባለ ወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነበር። የምስክሮች ስም ይሰፍራል፣ ቃሉን ለሚያፈርስ ሰው እርግማን ይጨመራል። ወንጌልን ለመፋቅ የሚደፍር ስለማይገኝ ጽሑፉ የተከበረ ነበር። ነገር ግን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በቤተ ክርስቲያን ይቀመጣል። መሬት የተሰጠውም የተነጠቀውም ሰው ቤቱ የሚወስደው ወረቀት የለውም። ምን እንደተጻፈ ለማወቅ ወንጌሉ ያለበት ድረስ ሄዶ የሚያነብለት ካህን መለመን አለበት። ሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ለእኛ ለሴቶች መንገዱ ከበሩ ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል በአማርኛና በጣልያንኛ ተጽፎ ነበር። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመነጋገር ቢፈልጉ በጣልያን መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል። በጣልያንኛው ግን ይህን ለማድረግ እንደተስማሙ ተደርጎ ተጻፈ፤ ጣልያን ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ለማለት የተመረኮዘችው በዚህ ላይ ነው። ነገሩ የተቋጨው በየካቲት 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ነበር። ካርቦን ቢኖር ኖሮ ውጫሌን ያድን ነበር አንልም፤ የሁለት ቋንቋ ጉዳይ ነውና። ሆኖም አንድ ነገር ይላሉ ተብለው በሁለት ወገን እጅ የተያዙ ሁለት ወረቀቶች የተለያየ ነገር ሲሉ ምን እንደሚመጣ ከእኛ ሰፈር የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በሒሳብ ሥራ የምንፈራው ይህንኑ ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው።

አውሮፓም ቢሆን ለረጅም ዘመን ደብዳቤ የሚገለበጠው በጸሐፊ እጅ ነበር። በእንፋሎት ሞተር የሚታወቀው ጀምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1780 አንድ መላ አወጣ። በልዩ ቀለም በተጻፈው ደብዳቤ ላይ እርጥብ ስስ ወረቀት ተደርቦ በመጫኛ መሣሪያ ሲጫን ቀለሙ ወደ ስሱ ወረቀት ያልፋል። ግልባጩ የሚገኘው ግን ደብዳቤው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው።

ካርቦን ወረቀት የመጣው ከዚህ የተለየ ሐሳብ ይዞ ነው፤ ጸሐፊው አንድ ጊዜ ሲጽፍ ሁለቱም ወረቀት አብሮ እንዲጻፍ። እንግሊዛዊው ራልፍ ዌጅዉድ እ.ኤ.አ. በ1806 የባለቤትነት መብት አወጣበት። በቀለም የተነከረና የደረቀ ወረቀት በሁለት ወረቀቶች መካከል ይገባል፤ ከላይ በብረት ሹል ይጻፋል። የዌጅዉድ የመጀመሪያ ዓላማ ግን ቢሮ አልነበረም። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ያለ ቀለም ብልቃጥ፣ ሽቦ እየመራቸው እንዲጽፉ መርዳት ነበር። በዚያው ዘመን ጣልያን ውስጥ ፔሌግሪኖ ቱሪ የሚባል ሰው ዓይነ ሥውር ለሆነች ካሮሊና ፋንቶኒ ለምትባል ባላባት ወዳጁ የጽሕፈት መሣሪያ ሠራላት፤ ቀለም ሆኖ ያገለገለውም እንዲህ ያለ ጥቁር ወረቀት ነበር። መሣሪያው ዛሬ የለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1808 ጀምሮ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ግን ተርፈዋል። ሁለቱ ሰዎች በሁለት አገር፣ ለአንድ ዓይነት ሰው ብለው አንድ ዕቃ ላይ መድረሳቸው ስናነበው አስገርሞናል። ብዕር ይዞ የጻፈውን ማየት ለማይችል ሰው የተሠራ ነገር ነው፣ በኋላ የነጋዴና የሹም መሣሪያ የሆነው።

ነጋዴዎች መጀመሪያ አልወደዱትም። በላባ ብዕር ተጭኖ መጻፍ አይቻልም፤ ላባው ይሰበራል። የእኛም የመቃ ብዕር ቢሆን ያው ነው። ማጭበርበር ያመጣል የሚል ፍርሃትም ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1868 ሊቢየስ ሮጀርስ የሚባል ወጣት የብስኩትና የአትክልት ንግድን ለማስተዋወቅ በባሉን ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከወረደ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ወደ አንድ የዜና ድርጅት ቢሮ ሲገባ ካርቦን ወረቀት ያያል። ባሉኑን ትቶ የካርቦን ንግድ ጀመረ። የጽሕፈት መኪና ገበያ ላይ ሲውል ንግዱ ደራለት፤ የታይፕ ጥርስ እያንዳንዱን ፊደል በኃይል ስለሚመታ ካርቦን የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ለእጅ ጽሑፍ ደግሞ ሃንጋሪያዊው ላስሎ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1938 መብት ያወጣበት ባለ ኳስ እስክሪብቶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1950 ቢክ ርካሹን እስክሪብቶ ማምረት ሲጀምር ማንኛውም ሰው ተጭኖ መጻፍ ቻለ። በገበያ የምናየው የእጅ ደረሰኝ የካርቦንና የእስክሪብቶ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

በአገራችን ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አንዱ የጽሕፈት ሚኒስትር ነበር። ፊደላችን ብዙ በመሆኑ የጽሕፈት መኪና ማዘጋጀት ቀላል አልነበረም፤ በዚህ ረገድ ኢንጂነር አያና ብሩ ስማቸው በመጀመሪያ ይነሣል። መኪናው በየቢሮው ከገባ በኋላ ካርቦን አብሮት ገባ፤ የታይፒስትነት ሥራም ለብዙ የአገራችን ሴቶች የቢሮ በር የከፈተ ሙያ ሆነ። በዚያ ዘመን የሠሩ እናቶቻችን እንደሚነግሩን አምስት ወረቀትና አራት ካርቦን አስተካክሎ መጠቅለል ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር። አንድ ፊደል ከተሳሳተ አምስቱም ላይ በላጲስ መፋቅ አለበት። ካርቦኑ ተገልብጦ ከገባ ደግሞ ጽሑፉ በራሱ በደብዳቤው ጀርባ ላይ ግራ ገብቶት ይገኛል። አምስተኛው ግልባጭ ደብዛዛ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ዝቅ ላለው መሥሪያ ቤት ነበር ይላሉ። ቀበሌ ለደረሰ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

በገጠር ቤት ግን ካርቦን የታወቀው በደብዳቤ ሳይሆን በግብር ደረሰኝ ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ የመሬት ግብር በጥሬ ገንዘብ እንዲከፈል በአዋጅ ሲወሰን ደረሰኙ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ሆነ። ገበሬው መሬቴ ነው ብሎ ሲከራከር ይዞ የሚቀርበው የግብር ደረሰኙን ነበር። ስለዚህ አያቶቻችን ደረሰኝን እንደ ከበረ ነገር በጨርቅ ጠቅልለው በሙዳይ ያኖሩት ነበር። በደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ስም የባል ነው፤ ጠብቃ የምታኖረው ሚስት ናት። በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ፎቶግራፍ አንድ ላይ ይዞ ሲመጣ በብዙ ቤት ትልቅ ነገር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር እንበል። «ደረሰኝ» ስም ብቻ አይደለም፤ ተቀባዩ በራሱ አንደበት የሚሰጠው ቃል ነው። ገንዘብ ያዧ ደረሰኝ ስትቆርጥ ለከፋይዋ «ደርሶኛል» እያለች ትመሰክራለች። በማኅበራችን ደረሰኙ ሦስት ቅጠል አለው። ዋናው ለአባሏ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ለሒሳብ ክፍል ይመጣል፣ ሦስተኛው በጥራዙ ላይ ቀሪ ይሆናል። የብድር ውል ሲሆን ይገለበጣል፤ ዋናው ማኅበሩ ዘንድ ይቀመጣል፣ ተበዳሪዋ የካርቦኑን ግልባጭ ይዛ ትሄዳለች።

እዚህ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ። ፊርማ በካርቦን ያልፋል፤ የጣት አሻራ ግን አያልፍም። አውራ ጣት ወረቀቱን ይነካዋል እንጂ እንደ እስክሪብቶ ጫፍ አይወጋውም። ስለዚህ መጻፍ የምትችለው አንድ ጊዜ ፈርማ ሦስቱም ቅጠል ላይ ስሟ ሲገኝ፣ መጻፍ የማትችለው ሦስት ጊዜ ጣቷን ቀለም ካላስነካች ግልባጩ ባዶ ይቀራል። ሰነዱን የሚያዘጋጀው ሰው ከቸኮለ ዋናው ላይ ብቻ አስነክቶ ይሸኛታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ሥውር የሆነ ሰው የጣት ምልክት፣ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው አያስገድደውም ይላል። ሕጉ የፈራው የማታየውን ወረቀት የምታትመዋን ሴት ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በየመንደሩ ፊደል የቆጠሩ እናቶች ስማቸውን መጻፍ መቻላቸውን እስከ ዛሬ በኩራት የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የሴፍቲኔት ክፍያ ዝርዝር ላይ ጣቷን ያላስነካች እናት በሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች ማግኘት ያስቸግራል፤ በዚያ ሰነድ ላይ ግን አሻራዋ እዚያው ይቀራል፣ እሷ ወደ ቤት የምትወስደው ቅጠል የለም።

ካርቦን ራሱ ቅዱስ ነው ብለን አይደለም የምንጽፈው። የታወቀው ማታለያ ካርቦኑን አውጥቶ መጻፍ ነው። ለከፋይዋ ዋናው ላይ ሦስት መቶ ብር ይጻፋል፤ ከዚያ ካርቦኑ ይገባና ቀሪው ላይ አንድ መቶ ብር ይሰፍራል። መዝገቡ ከቀሪው ጋር ይስማማል፤ ባንክ የገባውም ከመዝገቡ ጋር ይስማማል። ቢሮ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ይህን የሚያገኝ ኦዲተር የለም። የሚገኘው የአባሏ ቅጠል ከጥራዙ ቀሪ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ የፊደሎቹ አቀማመጥ እንኳ አይገጥምም፣ ምክንያቱም አንድ ሰው አንድን ቃል ሁለት ጊዜ በአንድ ልክ መጻፍ አይችልም። በየዓመቱ ኦዲት ከመደረጉ በፊት የተወሰኑ አባላት ደረሰኛቸውን ይዘው እንዲመጡ የምንጠራው ለዚህ ነው። አንዳንዶች እንደ ጥርጣሬ ያዩታል። የምትመረመረው አባሏ ሳትሆን እኛ ነን።

ያገለገለ ካርቦንም ለልጆች መጫወቻ አይሰጥ። ወደ ብርሃን ከፍ ቢደረግ የተጻፈበት ስምና ገንዘብ ይነበባል።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያና ሀብሩ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም አካባቢያችን በዚያው ሁኔታ ቆየ። ስንመለስ የቢሮአችን በር ተሰብሯል፣ ቁም ሣጥኑ ባዶ ነው፣ ሌጀሩ የለም። የደረሰኝ ጥራዞቹ ከፊሉ ተቃጥሏል፣ ከፊሉ ግቢው ውስጥ ዝናብ መትቶታል። ኮምፒዩተሩ ስለሄደ በውስጡ የነበረውም አብሮ ሄደ። የቀረን የአባላት ስም ዝርዝር ብቻ ነበር፤ እሱንም በማስታወስ ነው የጻፍነው።

አዲስ መዝገብ ገዝተን ማስታወቂያ አስነገርን፤ በየቅሬውም አስጠራን። ሴቶቹ መጡ። ወረቀቱን መሶብ ሥር፣ ጎታ ውስጥ፣ ትራስ ውስጥ ሰፍተው አቆይተውታል፤ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የሸሹት ከልጆቻቸው የክትባት ካርድ ጋር ይዘውት ሄደው ተመልሰዋል። የቁጠባ ደረሰኝ ማምጣታቸው የሚጠበቅ ነው፤ ገንዘባቸው ነውና። እኛን ዝም ያሰኘን ሌላው ነው። ብዙዎቹ ከቁጠባው ደረሰኝ ጋር የብድር ውላቸውን ሰማያዊ ግልባጭ ጨምረው አቀረቡ። ዋናው ውል መጥፋቱን ያውቃሉ፤ ግልባጩን ምድጃ ቢከቱት ዕዳቸውን የሚያሳይ ሰነድ አይኖርም ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2472 ከአምስት መቶ ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ እንደማይረጋገጥ ይናገራል፤ የጽሑፉ ማስረጃ በእነሱ እጅ ብቻ ነበር። ሁሉም አመጡ አንልም። ላላመጡት በቡድናቸው ውስጥ ዋስ የነበሩትን አስቀምጠን ተነጋገርን፤ የተወሰነው ተፈታ፣ የተወሰነው አሁንም በእንጥልጥል ነው። መዝገቡ ግን እንደገና የቆመው በእነዚያ ቅጠሎች ነው። ዝናብ ካገኛቸው ወረቀቶች ውስጥም በካርቦን የተጻፈው ብዙው ይነበብ ነበር። ሰም ስላለበት ውሃ ቶሎ አያስለቅቀውም።

አሁን ወደ ደጋፊዎቻችን ጥያቄ እንመለስ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 139 ግዴታ ከሆነ ወዲህ የሱቅ ደረሰኝ በአብዛኛው በሙቀት የሚጻፍ ወረቀት ነው። ቀለም የለውም፤ ወረቀቱ ራሱ ሲሞቅ ይጠቁራል። እንደ መርሳ ባለ ሞቃት ቦታ፣ በተለይ በፕላስቲክ ከተቀመጠ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። የግዥ ሰነዶቻችንን በደረሱበት ቀን ፎቶ ኮፒ የምናደርገው ለዚህ ነው። ያለ ካርቦን የሚገለብጥ ወረቀትም አለ፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያወጡት ነው፤ በወረቀቱ ላይ የተቀቡ ዓይን የማያያቸው የቀለም ከረጢቶች ሲጫኑ ይፈነዳሉ። እጅ አያቆሽሽም፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ብርሃን ላይ ከቆየም ይደበዝዛል።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ከተጀመረ በኋላ ቁጠባ በስልክ የሚያስገቡ አባላት አሉን፤ ወደ ስልካቸው የሚመጣው መልእክት ደረሰኝ ነው። ለእነሱ ጥሩ ሆኗል፤ ከመንገድና ከሰልፍ አውጥቷቸዋል። ነገር ግን በስልክ የሚመጣ ደረሰኝ የስልኩ ባለቤት ዘንድ ነው የሚደርሰው። ስልኩ የባል ከሆነ ወይም የልጅ ከሆነ፣ ምን ያህል እንደቆጠበች የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። ማንበብ የማትችል እናት መልእክቱን በጣቷ ለይታ ልታውቀው አትችልም። ወረቀቱን ግን ታውቀዋለች፤ ቀለሙን፣ ማኅተሙን፣ እጥፋቱን፣ የትኛው ቁጠባ የትኛው ብድር እንደሆነ ለይታ ታስቀምጣለች።

ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው የወሰነው ይህ ነው። በስልክ የሚከፍሉ አባላት እንደፈለጉት ይቀጥሉ፤ ቢሆንም በወር አንድ ጊዜ የክፍያቸው ማጠቃለያ በወረቀት ይሰጣቸዋል። የብድር ውል በሦስት ቅጠል በካርቦን ይጻፋል፤ በጣት አሻራ ለሚፈርሙ አባላት ቀለሙ በሦስቱም ቅጠል ላይ ይነካል፤ ውሉ በፊታቸው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሦስተኛው ቅጠል ቢሮ ከመቀመጥ ይልቅ ለዋስ ቡድኑ ጸሐፊ ይሰጣል፤ ሁሉም ሰነድ አንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚገጥመው አይተናልና።

የብድር ውል ግልባጫችሁ የደበዘዘባችሁ አባላት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ወልድያ ወይም ወደ መርሳ ቢሮ ይዛችሁ ኑ፤ ከዋናው ጋር አመሳክረን፣ ማኅተም አድርገን ሌላ እንሰጣችኋለን። ደብዛዛውንም አትጣሉት፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጡ።